የሚያምነውና የማያምነው ስለ ምን ይከራከራሉ?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ ስለ አንድ ክርክር ልነግራችሁ አስቤአለሁ። ክርክሩ የተነሣው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሻይ ሰዓት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንደዚህ ያለ ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛልና። ጊዜው የዐቢይ ጾም ነበረ። አንድ ወጣት ጸሐፊ ሻይ በወተት ሲያዝ፥ በዕድሜ የገፉ አንድ የሒሳብ ሹም «ልጄ፥ ረስተኸው እንደ ሆነ ጾም ነው እኮ» አሉት። ወጣቱም «አልረሳሁትም፥ ጋሼ፤ ነገር ግን እኔ አላምንም» ሲል መለሰ። ከዚያ በኋላ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ የዕረፍቱም ሰዓት አለፈ። አንዱ ስለ ፍጥረት ሲናገር ሌላው ስለ ሳይንስ ተናገረ፤ አንዱ ገሃነምን ሲያነሣ ሌላው ዝንጀሮን አነሣ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ተቈጥተው ተለያዩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለዛሬው ንግግሬ ርእስ ባልሆነ ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ሳምንት የመሥሪያ ቤቱ የዕቁብ ዕጣ ወጣ። ዕጣው የደረሰው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ለመክፈል ይህንኑ ገንዘብ ሲጠባበቅ ለነበረ አንድ ተላላኪ ነው። ተላላኪውም ያን ወጣት ጸሐፊ ዋስ አድርጎ አቀረበ። የዕቁቡ ዳኛ እኒያው የሒሳብ ሹም ነበሩና «ማተብ የሌለውን ሰው ዋስ አድርጌ አልቀበልም» አሉ። ገንዘቡም በሣጥን ተቈልፎበት ቀረ።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። በሻይ ሰዓት የተነሣው ክርክር «እግዚአብሔር አለን ወይስ የለም?» የሚል ይመስል ነበር። ሲገላለጥ ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ተቀምጦ ተገኘ፤ ይኸውም «ይህን ሰው ላምነው እችላለሁን?» የሚል ነው። የዛሬው አሳቤም ይህ ነው። ክርስቲያኖችና የማያምኑ ሰዎች አንዱ በሌላው እምነት ላይ እንደዚህ አጥብቀው የሚከራከሩት፥ ብዙውን ጊዜ በሰማይ ስላለው ነገር ብቻ ሳይሆን በምድር ላይ እርስ በርስ ስለ መተማመን ነው።

ይህንንም ቋንቋችን ራሱ ይመሰክርልናል። «አመነ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ሰው በእግዚአብሔር ያምናል፤ ጎረቤቱን ያምናል፤ በዳኛም ፊት ቆሞ ጥፋቱን ያምናል። አማኝና ታማኝ ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። እንደዚሁም ሃይማኖቱን የተወውንም ብድሩን አልከፍልም ያለውንም በአንድ ቃል «ካደ» እንላለን። ቃል ኪዳኑን ያፈረሰ ሰው፥ ክሩ በአንገቱ ላይ ቢሆንም እንኳ፥ ማተቡን በጠሰ ይባላል። ስለዚህ ወጣቱ ጸሐፊ «አላምንም» ባለ ጊዜ እርሱ ስለ አእምሮው መናገሩ ነበር፤ ሽማግሌው የሰሙት ግን «አልታመንም» የሚል ነው።

በሌላው በኩል ደግሞ ሽማግሌው «አምናለሁ» ሲሉ፥ ወጣቱ የሰማው «መጠየቅና መመርመር ትቻለሁ» የሚል ነበር። ይህም ስሕተት ነው። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ጉባኤ የተቀመጠ ሰው፥ መምህሩ ለአንዱ ቃል አንድ ትርጓሜ ከሰጡ በኋላ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲጨምሩ ይሰማል። ይህ የሚመረምር አእምሮ ሥራ እንጂ የፈዘዘ አእምሮ ሥራ አይደለም።

ነገሩ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን፥ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደን አንድ የታወቀ ታሪክ እንመልከት። ዘመኖቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1880 ዓ.ም. የኖርታምፕተን ከተማ ሕዝብ ቻርልስ ብራድሎ የተባለውን ሰው እንደራሴው አድርጎ መረጠ። ብራድሎ በእግዚአብሔር መኖር እንደማያምን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነበረ። ወደ ምክር ቤቱም በገባ ጊዜ በእግዚአብሔር ስም ከመማል ይልቅ ቃሉን ያለ መሐላ እንዲያረጋግጥ ይፈቀድለት ዘንድ ጠየቀ። አይሆንም ተባለ። እንግዲያውስ እምላለሁ ቢል፥ የማያምን ሰው መሐላ ዋጋ የለውም ተብሎ አሁንም ተከለከለ። ባለመማሉም፥ እምላለሁ በማለቱም ተወቀሰ ማለት ነው። አልወጣም ስላለም በምክር ቤቱ የሰዓት ግንብ ታስሮ አደረ። ቀጥሎ ያለ መሐላ እንዲያረጋግጥ ለጥቂት ወራት ቢፈቀድለትም፥ ፍርድ ቤት ሕጉ አይደግፈውም ብሎ ስለ ፈረደ መቀመጫውን አጣ። የኖርታምፕተን መራጮች ግን በ1881፥ በ1882፥ በ1884ና በ1885 ደጋግመው መረጡት። በመጨረሻ መቀመጫውን የያዘው በ1886 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የግላድስቶን ሥራ ነው። ግላድስቶን ጸሎቱን የማያስታጉል፥ ስለ ሃይማኖትም መጻሕፍት የጻፈ ክርስቲያን ነበረ፤ የብራድሎን አሳብ ከቶ አይወድም። ሆኖም በ1883 ዓ.ም. ለማያምኑ ሰዎች መብት በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ተከራከረ። ግፍን ለሃይማኖት መጠበቂያ ማድረግ ሃይማኖቱን ራሱን በሕዝብ ዘንድ የሚያስጠላው መሆኑን አስረዳ። የሕጉ ረቂቅ በ289 ድምፅ ሲደገፍ በ292 ተቃውሞ በሦስት ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ብራድሎም ከተቀመጠ በኋላ ለሁሉ የሚሆን ሕግ አቅርቦ፥ መማል የማይወድ ሰው በማረጋገጫ ቃል ብቻ እንዲቀበሉት በ1888 ዓ.ም. ተፈቀደ። በጥር ወር 1891 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በብራድሎ ላይ የወሰነውን የቀድሞ ውሳኔ ከመዝገቡ ሰረዘ። ነገር ግን ሕመም ጸንቶበት ነበርና ይህን ለመረዳት ሳይበቃ ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ።

በቀብሩም ላይ በዚያ ጊዜ በሎንዶን ሕግ ይማር የነበረው ጋንዲ ተገኝቶ ነበር። ኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደ ተረከው፥ ለመመለስ ባቡር ሲጠባበቁ አንድ የማያምን ሰው ከቀብሩ የሚመለሱትን ቄስ ይፈታተናቸው ጀመር፤ የምድርን ዙሪያ መጠን ካነሣ በኋላ አምላክዎስ መጠኑ ስንት ነው፥ ወዴትስ ይገኛል ብሎ ጠየቃቸው። ቄሱም በእርስዎም በእኔም ልብ ነው አሉት። ሰውየው እንደ ሕፃን አይቍጠሩኝ አለ፥ ያሸነፈም መሰለው፤ ቄሱ ዝም አሉ። ጋንዲ ግን በዚህ ንግግር ወደ አለማመን አልተሳበም፤ ይልቁንም ከአለማመን ራቀ። አሸነፍሁ ያለው ሰው ባጠገቡ የቆመውን ሰሚ አጣ ማለት ነው። ለክርስቲያንም ቢሆን ይኸው ነው፤ ዋሱን ከልክሎ ክርክሩን ያሸነፈ የሚመስለው ሰው ማንንም ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመልስም።

ሁለተኛው የክርክራችን መክፋት ምክንያት ደግሞ የራሳችንን መልካሙን ከሌላው ክፉ ጋር ማመዛዘናችን ነው። የማያምነው በ1633 ዓ.ም. ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ የተፈረደበትን ጋሊሌዎን ይጠቅሳል። ክርስቲያኑ ደግሞ በ1931 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት በሞስኮ የመድኃኔ ዓለምን ታላቅ ካቴድራል በድማሚት ማፍረሱን ያነሣል። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን በሻይ ቤቱ ወንበር የተቀመጠው ሽማግሌ ጋሊሌዎን አልከሰሰም፤ ወጣቱም ካቴድራል አላፈረሰም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ በ1992 ዓ.ም. በጋሊሌዎ ነገር የተሠራውን ስሕተት አምናለች፤ የሞስኮውም ካቴድራል እንደገና ታንጾ በ2000 ዓ.ም. ተባርኳል። የሞቱት የሠሩትን ጥፋት በሕያው ሰው ላይ መቍጠር ፍርድ አይደለም።

ታዲያ ክርክር ይቅር ማለቴ ነውን? አይደለም። በላ ልበልሃ እየተባለ በተሟገተ ሕዝብ መካከል የተወለደ ሰው ክርክርን ሊንቅ አይገባውም። እንዴት እንከራከር የሚለውን ግን መማር ይቻላል። በጥር ወር 1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሬዲዮ ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት ተከራክረው ነበር። አንደኛው ፈላስፋው በርትራንድ ራስል፥ ሁለተኛው የፍልስፍናን ታሪክ የጻፉት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን ናቸው። ወደ ክርክሩ ከመግባታቸው አስቀድሞ፥ «እግዚአብሔር» ስንል ምን ማለታችን ነው በሚለው ተስማሙ። ካህኑም ተከራካሪያቸውን በገዛ ግምታቸው ሳይሰይሙ አቋሙ ምን እንደ ሆነ ጠየቁት፤ እርሱም የእግዚአብሔርን አለመኖር አረጋግጣለሁ እንደማይል፥ ነገር ግን መኖሩን አላውቅም እንደሚል ገለጸ። ከዚያም በዓለም ያለው ሁሉ በሌላ ነገር የቆመ ስለ ሆነ በራሱ የሚኖር አንድ መሠረት ያስፈልጋል ሲሉ ካህኑ፥ ራስል ደግሞ ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት መፈለግ ቢገባም ለዓለም በጠቅላላው ምክንያት መጠየቅ ትርጉም የለውም ሲል ተከራከሩ። አንዱ ሌላውን አላሳመነም። ሆኖም የሰማው ሁሉ ሁለቱ የሚለያዩበትን ስፍራ በትክክል አወቀ። ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ሰውን ራሱ በሚጠራበት ስም እንጥራው፤ ከቶ አምኖ የማያውቀውን ከሃዲ፥ አጥብቆ የሚያምነውን ደግሞ ያልነቃ አንበለው። ሁለተኛ፥ የሌላውን አሳብ ከመንቀፋችን በፊት ባለቤቱ «አዎን፥ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ እንድገመው። ሦስተኛ፥ ታማኝነቱን ለመመዘን ሥራውን እንመልከት። ይህንንም የምናገረው እኔ ራሴ ከሚያምኑት ወገን ስሆን ነው።

ወደ ዕቁቡ ልመለስ፤ እኔም ከዕቁብተኞቹ አንዱ ነበርሁ። በሚቀጥለው ሳምንት በተሰበሰብን ጊዜ የዕቁቡ ጸሐፊ አንድ ቃል ሳይናገር መዝገቡን ገልጦ በሒሳብ ሹሙ ፊት አኖረው። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት። ወጣቱ በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ቀን እንኳ ሳያሳልፍ መዋጮውን ከፍሏል። ከእኛ ከማተበኞቹ መካከል ግን በቀይ ቀለም የተመዘገብን ነበርን። በዚያው መዝገብ ላይ ሌላ ነገርም ተገኘ። አምና ተላላኪው በታመመ ጊዜ የሦስት ሳምንት መዋጮውን የከፈሉለት እኒያው ሽማግሌ ነበሩ፤ ለማንም አልተናገሩትም። ወጣቱ ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ ቀላ።

ሽማግሌውም መዝገቡን ዘግተው «ዋስነቱን ጻፍለት» አሉ። ወጣቱ ተነሥቶ «ጋሼ፥ ያን ቀን ባለማወቅ ነው የሚያምኑት ያልሁዎትን ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እርሳቸውም «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ አንተ ባታምንበትም» ሲሉ መለሱለት፤ ሁላችንም ሳቅን። ተላላኪውም ገንዘቡን ተቀብሎ የልጁን ክፍያ ሊከፍል ሄደ።

ሁለቱ ሰዎች ዛሬም በሻይ ሰዓት ይከራከራሉ። ነገር ግን አሁን አንዱ የሌላውን ቃል እስኪጨርስ ይጠብቃል።