ከወንጂ እስከ ሪያድ፦ የሠራተኛው መብት



ከዛሬ ተመራቂዎች ወላጆች ብዙዎቹ በሪያድ ቤቶችና ሱቆች ውስጥ ሠርተው፣ መኪና ነድተው ነው ልጆቻቸውን ለዚህ ቀን ያበቁት። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ስለ ሠራተኛ መብት ነው፤ መነሻውም የወንጂ ስኳር ፋብሪካ።

ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር ፋብሪካውን ሥራ ያስጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። አገዳ የሚቆርጠውና ስኳር የሚያመርተው ሠራተኛ የሚጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። የልጆችን ጥርስ አበለዘ፤ ለረጅም ዓመታት የጠጡትን ሠራተኞች ደግሞ አጥንታቸውን አደንድኖ አከርካሪያቸውን አጎበጠ። ሐኪሞች ጉዳቱን አጥንተው መዝግበውታል።

ያኔ የሠራተኛ ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ ስላልነበረ በየፋብሪካው ያሉ ሠራተኞች የሚሰባሰቡት በመረዳጃ ማኅበር ስም ነበር። የታመመን ለመርዳትና የሞተን ለመቅበር የተዋጣው ገንዘብ፣ ስብሰባውና ቃለ ጉባኤው መደራጀትን አስተማራቸው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የወንጂ ሠራተኞች መሪ አቶ አብርሃም መኮንን ሆኑ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ደግሞ ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት ከአሠሪ ጋር የኅብረት ስምምነት እንዲደራደሩ ሕጋዊ መሠረት ሰጠ።

ፈተናው የመጣው በ1966 ዓ.ም. ነው። ኢሠአማ በአቶ በየነ ሰሎሞን መሪነት ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልና ጡረታን የመሰሉ ጥያቄዎችን ይዞ የካቲት 28 ቀን አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ጠቅላላ አድማ ይህ ነበር። አራት ቀን ቆይቶ የልጅ እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ለመስማማት ተገደደ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ኢሠአማ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ጠየቀ፤ መሪዎቹም ታሰሩ።

በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችም ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል። የከሰል አቧራ ሳንባቸውን ይበላ ነበር። ራሱ በወጣትነቱ ከሰል የቆፈረው ጆን ኤል. ሉዊስ ማኅበራቸውን ከ1920 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. መራ። በ1946 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት ከእያንዳንዱ ቶን ከሰል 5 ሳንቲም ለሠራተኞች የጤናና የጡረታ ፈንድ እንዲገባ አስደረገ። በዚያ ገንዘብ በአፓላቺያ ተራሮች መካከል አሥር ሆስፒታሎች ተሠሩ። ቆፋሪው የሚታከመው በምጽዋት መሆኑ ቀርቶ በድርድር ባገኘው መብት ሆነ።

ታዲያ በየሰው ቤት ብቻዋን የምትሠራ ሴት ከማን ጋር ትደራጅ? የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። የሳዑዲም የሥራ ሕግ እነርሱን አያካትትም፤ ሆኖም በ2013 እ.ኤ.አ. ለብቻው የወጣው ደንብ የሳምንት ዕረፍትንና ከሁለት ዓመት በኋላ የአንድ ወር ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድን ደንግጎ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ መብት እንዳላት ይናገራል። ብዙዎቹ እህቶቻችን ግን ይህን አያውቁም፤ የፈረሙትን ኮንትራት እንኳ አንብበውት አያውቁም።

ተመራቂዎች ሆይ፣ እናንተ ዐረብኛውንም አማርኛውንም ታነባላችሁ። ከእናንተ ሕግ የሚያጠና አለ፤ ነርስ የሚሆን አለ፤ ሒሳብ የሚማር አለ። አዲስ የመጣች እህት ኮንትራቷን ስታሳያችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት። የደመወዝ ቀኗን፣ የዕረፍት ቀኗንና ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ ጠይቋት፤ ችግር ካለባት ወደ ኤምባሲው ወይም ወደ ሥራ ጽሕፈት ቤቱ አብራችኋት ሂዱ። ይህን ለማድረግ ዲግሪ እስክትይዙ አትጠብቁ፤ ዛሬ የያዛችሁት ምስክር ወረቀት ይበቃችኋል።