የወፍጮን ድንጋይ ለማዞር የሚያስፈልገውን ኃይል ስለ መቀመር



ከወልድያ በስተ ደቡብ፣ በደሴ መንገድ ላይ፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መርሳ ትገኛለች። በዚህ አካባቢ ወፍጮ ለመትከል ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሞተሩ ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው።

የፈረስ ጉልበት የተባለው መለኪያ ራሱ ከወፍጮ የተወለደ ነው። ጄምስ ዋት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780ዎቹ ባደረገው ስሌት፣ ፈረሱ ከዘንጉ 3.66 ሜትር ርቆ፣ በ800 ኒውተን ያህል እየጎተተ፣ በደቂቃ 2.4 ጊዜ ይዞራል። ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ 2,900 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ ይገኛል። ያው አንድ ፈረስ በደቂቃ 600 ጊዜ የሚሽከረከር ድንጋይ ሲያዞር ግን ቶርኩ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ስለሆነም ዱቄቱ ይፍጠን ብሎ የድንጋዩን ፑሌጃ የሚያሳንስ ባለወፍጮ ፍጥነትን የሚገዛው በቶርክ ነው።

ለምሳሌ 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ አግድመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ይወሰድ። የክብደቱ ግማሽ በሬዲየሱ ካሬ ሲባዛ 5.4 ይሆናል። ይህን ድንጋይ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 600 ዙር ላይ ለማድረስ 34 ኒውተን ሜትር፣ በ5 ሴኮንድ ከሆነ ደግሞ 68 ያስፈልጋል። አሥር ፈረስ ሞተር በዚሁ ፍጥነት ለድንጋዩ 119 ያህል ስለሚሰጥ፣ ክብደቱ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የተጨናነቀው እህል ነው፤ ያረጀ ኩሽኔታም ይጨመርበታል።

ከዚህ የባሰው የመብራት ማነስ ነው። የኢንዳክሽን ሞተር ቶርክ የሚቀንሰው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነውና፣ ከ380 ቮልት ወደ 304፣ ማለት ወደ 80 በመቶ ሲወርድ፣ የማስነሻው ቶርክ 64 በመቶ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ወዲያው ካልተዘጋም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ማሽላዋን በአህያ ጭና የመጣችው እናትም ሳታስፈጭ ትመለሳለች።

ልምድ ያለው ባለወፍጮ ይህን ሁሉ ሳይቀምር ያውቀዋል፤ የእህሉን መውረጃ ዘግቶ፣ ድንጋዩን አላልቶ ካስነሳ በኋላ ያጠብቃል። ቮልቴጁ ግን መለካት ያለበት ከወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ያውም የጎረቤት ወፍጮዎች በሚሠሩበት ሰዓት ነው።