የቀያሽ እግርና የሰው ግቢ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ የቅየሳ ሥራና የአካባቢው ሕዝብ። እኔ ግን ከዚህ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ብቻ መርጫለሁ። ቀያሽ ሳይጠራ ወደ ሰው መኖሪያ ሲያመራ፣ ከየትኛው እርምጃ በኋላ ነው ቤት ደፈረ የሚባለው?

ሕጋችን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 2053 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን፣ ባለመብቱ በግልጽ እየተቃወመ፣ ወደ መሬቱ ወይም ወደ ቤቱ የሚገባውን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 604 ይህንኑ ድርጊት ያስቀጣል። እንግዲህ ጽሑፉን ብቻ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስላል፤ ባለቤቱ «አትግቡ» ካለ አይገባም። ምንም ሳይል ዝም ቢልስ?

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ እንግዳ የሆነ ሰው ከካቡ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ውሻው ይጮኻል፤ ከውስጥ «ማነው?» ይባላል፤ እንግዳው ማንነቱን ይናገራል፤ ውሻው ይያዝለታል፤ ከዚያ በኋላ ይገባል። የመሸበት መንገደኛ እንኳ ከዚህ ሥርዐት ውጭ አይደለም። ይህ ሁሉ ለውሻው ሲባል ብቻ የተደረገ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም። በዚያች አጭር ቆይታ ባለቤቱ ቤቱን ያሰናዳል፤ ካልተመቸውም እንቢ ለማለት ፋታ ያገኛል።

የእኛ ሙያ ይህችን ቆይታ ይዘልላታል። ባለ ሦስት እግር መሣሪያና ቀይ ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዘን ከመኪና ስንወርድ፣ ገበሬው የሚያየው መንግሥትን እንጂ እንግዳን አይደለም። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ከዓባይ ማዶ ያለው የጎጃም ገበሬ መሬቱን አላስገምትም ብሎ እስከ ማመፅ ደርሷል፤ መለካት ለእርሱ ርስትን የማጣት መጀመሪያ ነበርና።

ይህን ያነሣሁት በሌላው ለመፍረድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ንፋስ መውጫ አጠገብ ስንቀይስ፣ መሣሪያችን ጥሩ እይታ የሚያገኝበት ቦታ ከአንዲት አሮጊት እናት ግቢ ውስጥ ሆነ። በሩ ክፍት ነበር፤ ገባን። የቀበሌው ሰው አብሮን ስለ ነበር ሕጋዊ የሆንን መስሎን ነበር። (ሳስበው፣ በእርሱ ፊት እንዴት አድርገው እንቢ ይሉናል?) እኝህ እናት ጠላ ቀዱልን፤ እኛም ጠጥተን፣ ቀይ ችካል ተክለን ሄድን። መስተንግዶውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። በዕለቱ ማስታወሻዬም ላይ «ከባለይዞታ ተቃውሞ አልቀረበም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ።

ችካሉ የልኬት መነሻ ብቻ ነበር፤ መንገዱ በዚያ አያልፍም። ይህን ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ክረምቱ አልፎ ስንመለስ «ልጄ፣ ቤቴ መቼ ነው የሚፈርሰው?» ብለው ጠየቁኝ። ለክዳን ያሰባሰቡትን ሣር፣ ለሚፈርስ ቤት ምን ያደርጋል ብለው ሸጠውታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ደጋ፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አሳልፈውታል።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ሕጉ ከሚለው ይጠብቃል። እኔ የደፈርኩት ደጃፉን በተሻገርኩበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ምን ልሠራ እንደ መጣሁ ሳልናገርና እንቢ ቢሉኝ እንደምመለስ ሳላስታውቅ በቆየሁበት ደቂቃ ሁሉ ነው። አሁን ቡድናችን ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል፤ የመጣበትን ጉዳይ ተናግሮ መልስ ይጠብቃል፤ ችካሉ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ያስረዳል። የቀበሌውን ሰው መጀመሪያ አናስቀድመውም። አንዳንድ ቀን ይህ ግማሽ ቀን ያስከፍለናል፤ የሥራ መርሐ ግብር የሚያወጡ ባልደረቦቼ ይህን ጊዜ ከወዲሁ ቢይዙልን ደስ ይለኛል።

የልኬቱን ነጥብ ወደ መንገዱ ዳር አዛወርነው። ችካሉን ልንነቅል ስንል እኝህ እናት ከለከሉን፤ ጥጃቸውን አስረውበት ነበር።