አሮጌ የስፌት መኪና ለቁራሌው አይሰጥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተሰማው የጸሐፊው ንግግር)



ጥግ ተጥሎ አቧራ የጠጣውን ሲንጀር በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት ስሙኝ። የስኮትላንዱ የክላይድባንክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል፤ የሠራቸው መኪናዎች ግን ዛሬም ይሰፋሉ። እምቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ አርጅቶ ሳይሆን ዘይቱ ደርቆ ነው።

መጀመሪያ ከመርፌው ሥር የተጠቀጠቀውን ብናኝ በብሩሽ አውጡ። የደረቀውን ዘይት ላምባ በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ እሳት አጠገብ ግን እንዳይሆን። የወርቅ ቀለም ጌጡን አልኮል አታስነኩ፣ ይለቃል። ከዚያ በየቀዳዳው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጉ፤ የምግብ ዘይት ይደርቅና መልሶ ያንቀዋል። መዘውሩን በእጅ ወደ ራሳችሁ እያዞራችሁ አላሉት። በመጨረሻ በእራፊ ጨርቅ ሞክሩ።

መሸጥ የቆረጠም ካለ፣ መስፋት ለሚችል ጎረቤት ይቅደም። ለቁራሌው ብረት ነው፤ ለባለሙያ ግን እንጀራ ነው።


የማኅበሩ ጸሐፊ