ሳተላይትና የልጆቻችን ሒሳብ
(ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ስለ ጠፈር ልናወያያችሁ ስንነሣ «እኛን የቤት ኪራይ ያስጨንቀናል፤ ጠፈር ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እኛም የመጣነው ስለ እንጀራ ልንነጋገር ነው።

እስራኤል የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ኦፌቅ 1ን፣ ያመጠቀችው በ1988 ነው። ያን ጊዜ ሥራው የመንግሥት ነበር። ዛሬ የግል ኩባንያዎችም ገብተውበታል። ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ይሸጣል፤ ገበሬው የትኛው ማሳ ውኃ እንደጠማው ያይበታል።

ከአገራችን ሮኬት የሚተኮሰው ወደ ምዕራብ፣ በባሕሩ ላይ ነው። ይህም የምድር መሽከርከር ተቃራኒ ስለሆነ ሮኬቱ ብዙ ክብደት አይሸከምም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቀላል ሳተላይት መሥራትን ተማሩ፤ ችግሩ ሙያ ሆነላቸው።

ሥራው የፕሮፌሰሮች ብቻ አይደለም። ብረት በጥንቃቄ የሚቆርጥ፣ ሽቦ የሚበይድ፣ የተሠራውን የሚፈትሽ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ይፈለጋል። በጎንደር አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ሲሠሩ፣ ጎረቤት በማረሻው እያረሰ ሠሪውን «ቡዳ» ይለው ነበር። የእጅ ሙያ ውርደት አለመሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ልጆችም ይሠራሉ። የሄርጽሊያ ተማሪዎች የሠሯት ዱኺፋት 1 በ2014፣ የሻአር ሀኔጌቭ ተማሪዎች የሠሯት ዱኺፋት 3 በ2019 መጠቁ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ተማሪዎች የሠሯቸው 8 ትንንሽ ሳተላይቶች በአንድ ቀን ወጡ።

ታዲያ የእኛ ልጆች ወደ ኋላ የሚቀሩት የት ላይ ነው? በ9ኛና በ10ኛ ክፍል፣ የሒሳብ ደረጃ ሲመደብ ነው። በ1991 በልጅነት ከመጣነው ብዙዎቻችን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላክን። ስንመደብ ወላጆቻችን አልተጠየቁም፤ «መምህር ያውቃል» ብለውም ዝም አሉ። ዛሬ እኛው መምህራንን እያሠለጠንን እንነግራችኋለን፦ መምህርም ይሳሳታል።

ስለዚህ በአሲፋት ሆሪም ቀን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ልጄ በስንት የሂዶት ሒሳብ ነው? ወደ 5 ለማለፍ ምን ይጎድለዋል? ማን ያግዘዋል?» ዕብራይስጡ ቢያስቸግራችሁ አስተርጓሚ ይቅረብልን በሉ፤ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። 5 የሂዶት ያልሆነለትም ተስፋ አይቁረጥ፤ 13ኛና 14ኛ ክፍልን ቀጥሎ በኤሌክትሮኒክስ ወይም በማሽን ሙያ ሀንደሳይ መሆን ይችላል።

ሁሉም ይሳካል አንላችሁም። በ2016 አሞስ 6 የተባለችው ሳተላይት ሳትተኮስ መሬት ላይ ተቃጥላለች። ኩባንያም ሊከስር ይችላል። ልጅ የተማረው ሒሳብ ግን አይቃጠልም፤ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል።