ከሸክሙ ፊት ለፊት



እንጦጦ ላይ ቆሜ ስለ ፎቶግራፍ ስናገር ከእንጨት ለቃሚዎቹ እናቶች መጀመር ግድ ይለኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ያመጣው ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን ምጣድ ስንት ዘመን አሰማ! ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው ይህን ቁልቁለት የወረዱት ሴቶች ናቸው። እንጦጦን የጎበኘ ካሜራ የያዘ ሁሉ እነሱን ሳያነሳ አልተመለሰም። በአብዛኞቹ ፎቶዎች ላይ ግን የሚታየው ጎንበስ ያለ ወገብና ክምር ቅጠል ነው። ሴትየዋ ማን ትባላለች? ሸክሙን በስንት ሸጠችው? ቤት ስትገባ ማን ይጠብቃታል? ፎቶው አይነግረንም፤ ያነሳትም አልጠየቃት።

ሴት ፎቶግራፍ አንሺዎቻችንን የማከብረው ይህን ስለጠየቁ ነው። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤድ ለተባለው የውሃ ተራድኦ ድርጅት ስትሠራ ውሃ ቀጂዎችን መንገድ ላይ ጠብቃ አላነሳችም። ዳሎል ድረስ ወርዳ፣ በዚያ ሐሩር፣ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ፣ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶችን አቆመች። ውሃ ፍለጋ የሚበላውን የሴት ዕድሜ አሳየችን፤ የማንንም ክብር ግን አልነካችም። ይህ ከባድ ሥራ ነው። ችግርን አሳይቶ ባለችግሯን አለማዋረድ ከሌንስ ዋጋ በላይ ያስከፍላል።

አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ስትመሠርት ለብዙ ወጣቶች በር ከፈተች። ኢየሩሳሌም አዱኛ የሐረር ሴቶችን ከነቀለማቸው፣ በጀጎል መንገዶች መካከል አሳየችን። ማኅደር ኃይለሥላሴ ደግሞ ካሜራዋ ብቻ አልበቃትም፤ ሌሎች የሚማሩበትን የፎቶግራፍ ማዕከል አቋቋመች።

ተመራቂ ሴት ልጆቼ፣ ካሜራ ይዛችሁ ስትወጡ «ይሄ የሴት ሥራ ነው?» የሚላችሁ አይጠፋም። ለወንድ ባልደረባችሁ የማይከፈት ጓዳ ግን ለእናንተ ይከፈታል። አራስ ቤት ትገባላችሁ፤ እናት ለልጇ የምታወራውን ትሰማላችሁ። ይህ አደራ ነውና ፈቃድ ሳትጠይቁ አታንሱ። ሌንሱ ከመነሳቱ በፊት ቡና ይጠጣ፣ ስም ይጠየቅ። «ይሄን አታሳዪብኝ» ካለችም አታሳዩባት፤ ምርጡ ፎቷችሁ ቢሆንም እንኳ።

አንድ ልመና አለኝ። የመጀመሪያ ዐውደ ርእያችሁ እዚሁ እንጦጦ ይሁን። ፎቶዎቹ እናቶቹ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ይሰቀሉ፤ እያንዳንዷም የራሷን የታተመ ፎቶ ትውሰድ። የኅትመቱን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ይህንንም ዛሬ በወላጆቻችሁ ፊት ቃል ገብቻለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ!