በቲቢ ሕክምና ላይ የሚከሠት ከባድ የመድኃኒት አለርጂ



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ሐኪም ሆኜ በተመደብኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ የቲቢ ሕክምና ከጀመሩ አምስተኛ ሳምንታቸውን የያዙ አንድ አርሶ አደር ሰውነታቸውን ሽፍታ ወርሶት፣ ፊታቸው አብጦ፣ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። «ክኒኑ ነው ዶክተር» አሉኝ። እኔ ግን ሕክምናው እንዳይቋረጥ ስለ ሠጋሁ የማሳከክ ማስታገሻ ጽፌ፣ «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» ብዬ ሸኘኋቸው። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ተርፈዋል፤ የተረፉት ግን በእኔ ብልህነት አይደለም።

የተከተልኩት መመሪያ በራሱ ሐሰት አልነበረም። ሽፍታ የሌለው ማሳከክ በማስታገሻ ይታከማል፤ ሕክምናውም ይቀጥላል። ትኩሳት፣ የፊት እብጠት፣ የንፍፊት ማበጥ፣ የአፍ ወይም የዓይን መቁሰል ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ ድሬስ የምንለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ኢዮሲኖፊል የተባሉትን የደም ሕዋሳት ያበዛል፣ ከታማሚዎቹም ከመቶ እስከ 10 የሚደርሱትን ይገድላል። «አንድ ወር ሙሉ ሲወስዱት ምን አደረጋቸው?» የሚለው ክርክር የሚያሳስተን ለዚህ ነው። ስቲቨንስ ጆንሰን በተባለው ሕመም ደግሞ ቆዳው ይላጣል፤ የተላጠው ከሰውነት ገጽ ከመቶ 30 በላይ ከሆነ ስሙም አደገኛነቱም ይለወጣል።

ለዚህ ትምህርት የከፈሉት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቲዮአሴታዞን ርካሽ በመሆኑ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለቲቢ ይታዘዝ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ከናይሮቢ የወጣ ጥናት፣ ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ታማሚዎች ላይ መድኃኒቱ ቆዳን እየላጠ እስከ ሞት እንደሚያደርስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእነዚህ ታማሚዎች እንዳይሰጥ መከረ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከባድ ምልክት ሲታይ ሁሉም መድኃኒት በአንድነት ይቁም። ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በአንድ ክኒን ተዋሕደው ስለሚሰጡ ጥፋተኛውን በግምት መለየት አይቻልም። ኮትሪሞክሳዞልም፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኔቪራፒንም ሊጠረጠሩ ይገባል። ቆዳውና ጉበቱ እስኪያገግሙ መጠበቅ የግድ ነው። ቲቢው ወደ አንጎል ሽፋን የደረሰ ከሆነ ግን መጠበቅ ራሱ ስለሚገድል፣ ያልተጠረጠሩ ሌሎች መድኃኒቶች እንደ ድልድይ ይሰጣሉ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ፣ አስቀድሞ ጥፋተኝነቱ እምብዛም ከማይጠረጠረው ተነሥቶ፣ በአነስተኛ መጠን ይመለሳሉ። አይሶኒያዚድ ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን 50፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 300 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ምንም ካልታየ ወደ ቀጣዩ መድኃኒት ይታለፋል። ቆዳው ተልጦ ለነበረ ታማሚ ይህን ማድረግ ይገባል ወይ? ብዙዎች አይገባም ይላሉ። በኬፕ ታውን የግሩት ሹር ሆስፒታል ሐኪሞች ግን ታማሚውን አስተኝተው በጥብቅ ክትትል ሞክረውታል። እኔ ወደ እነርሱ አደላለሁ፤ ያለ ሪፋምፒሲን የ6 ወሩ ሕክምና ከዓመት በላይ ይረዝማልና። በተመላላሽ ክፍል ግን ፈጽሞ አይሞከር። ጥፋተኛነቱ የተረጋገጠ መድኃኒትም ዳግመኛ አይሰጥም።

ችግሩ፣ ተነጣጥሎ የተዘጋጀው ክኒን በሚያስፈልግበት ቀን በመደርደሪያ ላይ አለመገኘቱ ነው። የተዋሐደው ክኒን ለብዙኃኑ በረከት ነው፤ አለርጂ ለያዘው ሰው ግን ምስክሩን ይሸሽጋል።

የእኒያን አርሶ አደር ካርድ ከጊዜ በኋላ አየሁት። «ለቲቢ መድኃኒት አለርጂ አላቸው» የሚል አንድ መስመር ሰፍሮበታል። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ የጻፈ የለም፤ እኔም አልጻፍኩም።